ከአባቴ ጋር የተካፈልኩት ክኒን

ቃሉ የጠፋኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እንጅባራ፣ ቢሮ ውስጥ ነው። ለአራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ በአዊኛ እያዘጋጀን ነበር። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ጡረታው የተቃረበ የቋንቋ መምህር እና ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ። የእኔ ድርሻ ስለ እርሻ መሣሪያዎች የሚናገረው ምዕራፍ ነበር። አማርኛው ከፊቴ ተዘርግቷል። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር እያልኩ ወደ አዊኛ ስመልስ ቆየሁና ወገል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወገል ማረሻውን ከእንጨቱ ጋር አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ «አምጪልኝ» ሲሉኝ ስንት ጊዜ ሮጬ አቀብያቸዋለሁ። በአዊኛ ምን እንደሚባል ግን ድራሹ ጠፋ።

አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ጠየቅኳት። ወዲያው ነገረችኝና «አንቺም ትረሻለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቃሉን ጻፍኩት። ነገር ግን ሰው የረሳውን ሲያስታውሱት ደረቱ ውስጥ የሚሰማው እፎይታ እኔ ጋ አልመጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ቃል መሰለኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ አንድ ቃል ቢጠፋ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እኔ የደነገጥኩት የማን ልጅ እንደሆንኩ ስለማውቅ ነው።

አባቴ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን በአካባቢያችን የወሰን ጠብ ሲነሳ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። የትኛው ድንጋይ በማን አባት ዘመን እንደተተከለ፣ የትኛው ቦይ ውኃ በጎርፍ ምክንያት መንገዱን እንደቀየረ፣ ማን ለማን ማሳውን በምን ቃል እንደሰጠ በቃላቸው ያውቃሉ። ሁለት ሰዎች ዱላ ይዘው ሊጋጩ ደርሰው አባቴ በመካከላቸው ቆመው ሲናገሩ ዱላው ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት እንደዚሁ ለወሰን ተጠርተው ሄዱ። ማሳው መካከል ቆሙና ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነውን ሰው፣ እዚያው ከፊታቸው የቆመ ይመስል፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ይጠይቁ ጀመር። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። አንድ ጎረቤት ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ «ፀሐዩ በርትቷል፣ ወደ ቤት እንሂድ» አላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የጠራቸው የለም። እሳቸው ግን ለብዙ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚጠራቸውን ሰው ይጠብቁ ነበር።

አብራቸው የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አባታችን ቤት ተመለሰች። ዓመት ቆይቶ አባቴን ቀለል ያለ ስትሮክ መታቸው፤ አፋቸው ትንሽ ተጣመመ፣ ቀኝ እጃቸው ለሳምንታት ሰነፈ። ሐኪም ደም የሚያቀጥን አስፕሪን በየጠዋቱ እንዲወስዱ አዘዘ። ክኒኑን የምትሰጣቸው፣ የምታጥባቸው፣ ሲጠፉ የምትፈልጋቸው እህቴ ናት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ስሄድም እውነቱን ለመናገር ለእሳቸው ብቻ ብዬ አልነበረም። የዕፅዋት፣ የከብት በሽታ፣ የእርሻ ዕቃ ስም በአዊኛ ሲቸግረኝ የምጠይቀው አባቴን ነው። ሳምንቱን ሙሉ የቸገሩኝን ቃላት በወረቀት ይዤ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ይነግሩኛል። ያ ወረቀት በየሳምንቱ ሳይሞላ መመለስ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ በስልኬ ላይ ስለ አእምሮ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን መከታተል ጀመርኩ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር አወርዳለሁ፣ በጠፋ ጊዜ ደጋግሜ አያለሁ። የሚናገሩት ሰዎች ሁሉ ፊታቸው ያበራል። ይህን ብትወስዱ ትኩረታችሁ ይመለሳል፣ ያን ብትወስዱ አንጎላችሁ አያረጅም ይላሉ። የማንበብ ልማድ ያለኝ ሰው ነኝ፤ እንዴት እንደዚያ በቀላሉ እንዳመንኩ ሳስበው አሁን ያሳፍረኛል። ሲፈራ ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ነው መሰለኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት የዓሣ ዘይት ነው። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ዓሣ የሚል ግሳት ከማስወጣት በቀር ያደረገልኝ ነገር የለም። ቀጥሎ የቫይታሚን ክኒን ወሰድኩ፤ ሽንቴን እንደ እርድ ቢጫ አደረገው። እንጅባራ ያሉት ፋርማሲዎች ውስጥ ቪዲዮው ላይ ያየሁት ዓይነት አልተገኘም። ዳንግላ ግን አንድ የሽቶና የመዋቢያ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ እንዳለ፣ እህቱ ከዓረብ አገር እንዲህ ያለ ነገር እንደምትልክለት ሰማሁ። በሚኒባስ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው በጋሪ ሱቁ ደረስኩ።

ነጋዴው ረጋ ያለ፣ ጺሙን ያሳመረ ሰው ነው። የፈለግሁትን ነገርኩት። ከመደርደሪያው ጀርባ ሁለት የፕላስቲክ ብልቃጥ አወጣ። አንደኛው ነጭ የካፌይን ክኒን ነው፤ ሌላው ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ቅጠል ተስሎበታል፣ ጊንኮ ከሚባል ዛፍ የተሠራ እንክብል ነው።

«እህቴ፣ እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም» አለኝ። «የሚጠጣ ሌላ መድኃኒት ካለሽ መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ። ወረቀቱም ላይ እንደዚያ ይላል።»

«የምጠጣው መድኃኒት የለም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ያኔ ለራሴ ብቻ ነበር የምገዛው።

የመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ነበር። ጠዋት አንድ ነጭ ክኒንና ሁለት እንክብል ወስጄ ቢሮ ስገባ ከዓይኔ ላይ ጭጋግ የተገፈፈ መሰለኝ። ቃላቱ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ገጽ ተረጎምኩ፤ ከዚያ በፊት አራት ገጽ ከተረጎምኩ ጥሩ ቀን ነበር። ሃምሳ ገጽ ያለው ደብተር ገዝቼ ምን እንደወሰድኩ፣ ስንት ገጽ እንደሠራሁ፣ ስንት ቃል እንደጠፋኝ በየቀኑ መጻፍ ጀመርኩ። ሽማግሌው መምህር በመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ምን በልተሽ ነው?» አሉኝ። «ቁርስ» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። ከአባቴ ዕጣ ያመለጥኩ መሰለኝ።

በሁለተኛው ወር አንዱ ነጭ ክኒን አልበቃ አለ። ሁለት አደረግሁት፤ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ጨመርኩ። ሳልወስድ የነቃሁ እንደሆነ ጭንቅላቴ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ይመስላል፤ ከወሰድኩ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። እንቅልፍ ሸሸኝ። የክረምቱ ጭጋግ ከእንጅባራ ሰማይ ላይ አልነሳ ብሎ ሰነበተ፤ የተከራየሁት ቤት አንዲት መስኮት ነው ያላት፣ በእሷም ሲታይ ከነጭ ጉም በቀር ሌላ ነገር የለም። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት። በመካከሉ ክኒን። በደብተሬ ላይ የጠፉብኝ ቃላት ቁጥር እየጨመረ ነበር። እኔ ግን ምክንያቱ የምወስደው ክኒን ማነሱ መሰለኝ።

አንድ ቀን ገምጋሚዎች ረቂቁን መለሱልን። መምህሩ ገጾቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ልጅቷ ውጭ እስክትወጣ ጠበቁ።

«አርባ ሦስተኛውና አርባ ሰባተኛው ገጽ አንድ ናቸው» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንዱን ሁለቴ ተርጉመሽዋል። በቦታው መግባት የነበረበት ደግሞ ቀርቷል።»

አየሁት። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም በጥሩ ቋንቋ ተጽፈዋል። አንደኛውን ስጽፍ ሌላውን እንደጻፍኩ ትዝ አላለኝም። «ድካም ነው» አልኳቸው።

«ድካም ከሆነ ፈቃድ ውሰጂ።»

«ቀነ ገደቡስ?»

ገጾቹን አስተካክለው ደረደሩ። «ደግሞ ልጅቷን አትቆጪያት» አሉኝ። «ሰሞኑን የምታናግሪን በሬ እንደሚነዳ ሰው ነው።» ይህን ሲሉ አልተቆጡም፤ ያዘኑልኝ ይመስላሉ። እኔ ግን ምክራቸውንም ሐዘናቸውንም ልሰማ የምችልበት ሁኔታ ላይ አልነበርኩም። ሽንት ቤት ገብቼ አንድ ክኒን ያለ ውኃ ዋጥኩ።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። እንደዚያ ዓይነት ነገር ባለፉት ዓመታት ለምደነዋል፤ መኪና ለቀናት ይቆማል፣ ስልክ አይሠራም፣ ሱቆች ግማሽ በር ከፍተው ይሸጣሉ፣ ከዚያ ድንገት ሁሉም እንደ ነበረ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ወደ ሦስት ሳምንት ቆየ። ወደ ዳንግላም ወደ ግምጃ ቤትም የሚሄድ የለም። ነጩ ክኒን በአምስተኛው ቀን አለቀ። በማግሥቱ ራሴን እንደ መዶሻ የሚመታ ሕመም ያዘኝ፤ ብርሃን ማየት አልቻልኩም፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግድግዳውን እያየሁ ዋልኩ። የምግብ ሽታ አስጠላኝ። ቢሮ የነበረችው ልጅ፣ ያን ሁሉ የተቆጣኋት፣ በዝናብ እየተመላለሰች ሾርባ ታመጣልኝ ነበር። ምን እንደያዘኝ ስትጠይቀኝ «ጉንፋን» አልኳት።

እነዚያን ቀናት ሳስባቸው የታሰርኩት መንገድ ስለተዘጋ አይመስለኝም። መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜም እኔ የምሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ይህ የታየኝ መኪና እንደገና መሄድ የጀመረ ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአባቴንና የእህቴን ድምፅ አልሰማሁም፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። መናኸሪያ ሄድኩ። የግምጃ ቤት ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። በአጠገቡ አልፌ የዳንግላው ውስጥ ገባሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ቦርሳዬን በብልቃጥ ሞልቼ ወደ ግምጃ ቤት ሄድኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። እህቴ ከጓሮ ድንች የቆፈረችበትን እጇን እየጠረገች መጣች፣ ሳመችኝ፣ ትከሻዬን ይዛ «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? ዓይንሽ ጎድጉዷል» አለችኝ። «ሥራ ነው፣ እታለም» አልኳት።

ወረቀቴን አውጥቼ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። አሥራ አራት ቃላት ነበሩ። አንዱንም አላወቁትም። እንዳላወቁት ለመደበቅ ሲሞክሩ አየኋቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አዎ፣ አዎ፣ እሱ አለ» ይላሉ፣ ከዚያ ከዘራቸውን ይነካካሉ። በመጨረሻ በትሕትና፣ እንግዳ እንደሚጠየቅ፣ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ያኔ ነው ቦርሳዬ ውስጥ እጄን የከተትኩት።

ቅጠሉ የተሳለበትን ብልቃጥ ከፍቼ ሁለት እንክብል መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። «ምንድን ነው?» አሉ። «ጉልበት የሚሰጥ ነው፣ አባዬ። ይዋጡት» አልኳቸው። ውኃ አቀበልኳቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ አምነውኝ ዋጡት። ለእህቴ «ቫይታሚን ነው፣ በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ስጫቸው» ብዬ ብልቃጡን ተውኩላት። «ከአስፕሪኑ ጋር?» አለችኝ። ነጋዴው የነገረኝ በጆሮዬ ላይ ነበር። «ምንም አይደለም፣ ቫይታሚን ነው» አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ በስሜ ጠሩኝ። ከአሥራ አራቱ ቃላት ሦስቱን ነገሩኝ፤ አንዱን እንዲያውም ዛፉን ሄደው በከዘራቸው ነክተው አሳዩኝ። እህቴ «አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋቸዋል፤ ረቡዕም ደህና ነበሩ፣ ሐሙስ ደግሞ ሌላ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። በደብተሬ ላይ ለአባቴ አንድ ገጽ ከፈትኩላቸው። ሦስት ቃል ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ አሰመርኩበት። ከመሄዴ በፊት ለእህቴ «ሦስት ሦስት አድርጊው» አልኳት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ቢሮ ሳለሁ እህቴ ደወለች። ድምፁ ይቆራረጣል። «ደም... አፍንጫቸው... አልቆም...» ስትል ኔትወርኩ ጠፋ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይሠራም። ቁጭ ማለትም መሄድም አልቻልኩም፤ ወደዚህ እያመጧቸው ከሆነ፣ ብሄድ በመንገድ እንተላለፋለን። ሁለት ሰዓት ሙሉ በቢሮው በር ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ መልእክት ገባ፤ «ወደ እንጅባራ ሆስፒታል እየመጣን ነው» ይላል።

ኋላ እንደሰማሁት፣ አባቴ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ አፍንጫቸው መድማት ጀመረ። እህቴ በጨርቅ ያዘችላቸው፤ ጨርቁ ራሰ። ሌላ ጨመረች። ሰዓት አለፈ፣ አልቆመም። ጎረቤት ጋሪ ፈልጎ እስከ ግምጃ ቤት ጤና ጣቢያ አደረሳቸው፤ እዚያ አፍንጫቸውን በፋሻ ጠቅጥቀውላቸው ወደ እንጅባራ ላኳቸው። ሚኒባስ ውስጥ እህቴ የአባታችንን ራስ ይዛ መጣች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሳገኛቸው የአባቴ ነጭ ጋቢ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ቀልቷል። እሳቸው ግን ተረጋግተዋል፤ በሰዎች መካከል የመጡበትን ጉዳይ የዘነጉ ይመስላሉ።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ግፊታቸውን ለካች፣ አፍንጫቸውን አየች፣ ደም እንዲቀዳ አዘዘች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«አስፕሪን» አለች እህቴ። «በየቀኑ፣ ጠዋት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አለች እህቴ። ያ ሁሉ ድንጋጤ ቫይታሚን የተባለውን ከሐሳቧ አስወጥቶታል፤ ለእሷ መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሟ ካርዱ ላይ መጻፍ ጀመረች። የእኔው ብልቃጥ፣ የዚያው ዓይነት፣ ትከሻዬ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ደሙ ይቆማል፣ ወደ ቤት እንሄዳለን፣ እዚያ የተውኩትን ብልቃጥ አንስቼ እጥለዋለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። አሁን ድረስ ከደሙ ይልቅ የሚያንገበግበኝ፣ አባቴ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተኝተው እያለ ይህን ለማሰብ የበቃሁበት ጊዜ ነው። ሐኪሟ አንድ መስመር ጽፋ ሁለተኛውን ጀምራ ነበር።

ዚፑን ከፈትኩ። «ይህንንም ይወስዱ ነበር» አልኩና ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

አንሥታ አነበበችው። ፊቷ አልተለወጠም። «ስንት?»

«መጀመሪያ ሁለት። ከዚያ ሦስት።»

«ይህ ቅጠል ደም እንዳይረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ አስፕሪኑም እንደዚሁ» አለች። «ብቻውን ይህ ነው ያመጣው ብዬ ልነግርሽ አልችልም፤ ግፊታቸውም ከፍ ብሏል። ግን ሁለቱ አብረው መሰጠት አልነበረባቸውም። እግዚአብሔር ይመስገን የደማው አፍንጫቸው ነው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ቢሆን ኖሮ እዚህ አናወራም ነበር።» ከዚያ ብልቃጡን ስትመልስልኝ በተከፈተው ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ሌላውን ብልቃጥ አየች። «አንቺስ ምን ትወስጃለሽ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ነጩን ክኒን፣ ሦስቱ አራት መሆኑን፣ እንቅልፍ ማጣቴን፣ ሁለቴ የተረጎምኩትን ገጽ ሳይቀር። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «እንቅልፍ ያጣ ሰው ይረሳል» አለችኝ። «ስትረሺ የምትወስጂው ነገር እንቅልፍሽን ይወስዳል። በአንዴ አታቁሚው፤ በየጥቂት ቀኑ ግማሽ ግማሽ ክኒን እየቀነስሽ ተይው።»

እህቴ ይህን ሁሉ ቆማ ስትሰማ ነበር። አባታችን አልጋ ይዘው፣ ደሙ ቆሞ፣ እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልለምናት ፈለግሁ።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አለችኝ ወደ እኔ ሳትዞር። «ለእሳቸው ብለሽ ነው የሰጠሻቸው ወይስ ለመጽሐፍሽ?»

«አላውቅም፣ እታለም።»

«እኔም እንደዚያ መሰለኝ» አለች። ከዚያ የአባታችንን ጋቢ ጠቅልላ ልታጥበው ይዛው ወጣች።

አባቴ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለሱ። እኔ ነጩን ክኒን ለመተው ከአምስት ሳምንት በላይ ፈጀብኝ። ግማሽ በቀነስኩ ቁጥር ራስ ምታቱ ይመለሳል፤ ቢሮ ጠረጴዛው ላይ አንቀላፋለሁ። ለመምህሩም ለልጅቷም እውነቱን ነገርኳቸው። የቀረውን ምዕራፍ ልጅቷ ወሰደችው። የአዘጋጆቹ ስም ዝርዝር ላይ የእሷ ስም ከእኔ በፊት ይግባ ብዬ ራሴ ጠየቅሁ። የማላውቃቸውን ቃላት እሷ ከአያቷ ጠይቃ ሞላቻቸው። መጽሐፉ በቀነ ገደቡ አልደረሰም፤ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ እንደነበር አላውቅም። እንቅልፌ ሲመለስ ከጠፉት ቃላት ብዙዎቹ ተመለሱ። ሁሉም ግን አልተመለሱም። የድካም ነው፣ የዕድሜ ነው፣ ወይስ የአባቴ ነገር ጀምሮኛል? ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። «አሁን ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ መልስ ጋር እኖራለሁ። ቀላል አይደለም። የሰው ስም ሲጠፋኝ እጄ አሁንም ሳላዘው ወደ ቦርሳዬ ይሄዳል።

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ቻግኒ ላይ ወለደች። እህቴ አራስ ልጇን ለማየት መሄድ እንደማትችል፣ አባታችንን የሚይዝላት እንደሌለ ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት። ለእኔ አላለችኝም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በሚቀጥለው ሰኞ ሻንጣዬን ይዤ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ስታየኝ መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ አንገቷ ላይ በክር ያሰረችውን የአጥር በር ቁልፍ አውጥታ እኔ አንገት ላይ አሰረችው።

«ክፍት ከተውሽው ይሄዳሉ» አለችኝ። «ሲሄዱ ደግሞ ወደ ወንዙ ነው።»

ቁልፍ በአንገቷ እንዳለ አላውቅም ነበር። ስንት ቅዳሜ ሄጃለሁ፤ አላየሁትም። ጠዋት አስፕሪናቸውን እሰጣለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ቁርስ አበላቸዋለሁ። ከዚያ በሩን ይነቀንቃሉ። «ክፈቺልኝ» ይላሉ። «ትንሽ ቆይተን፣ አባዬ» እላለሁ። ይህን ንግግር በቀን ሃያ ጊዜ እንናገራለን። ገበያ መውጣት አይቻልም፣ ጎረቤት ቡና ተጠርቶ መሄድ አይቻልም፣ አሥር ደቂቃ ዓይንን ጨፍኖ ማረፍ አይቻልም። በሦስተኛው ቀን አጥሩን ይዤ በመንገዱ የሚያልፉትን ሰዎች ሳይ ቆየሁ። እህቴ ይህን ሁለት ዓመት አድርጋዋለች። እኔ በየቅዳሜው ወረቀትና ክኒን ይዤ እየመጣሁ «ሥራ በዝቶብኛል» እላት ነበር።

በአምስተኛው ቀን ደወለች። ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ድምፅዋ ከስንት ጊዜ በኋላ የወጣትነቷ ድምፅ ሆኗል።

«እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። አሁን ቆሎ እየበሉ ነው።»

«ስምሽን ጠሩሽ?»

«አልጠሩኝም።»

«ልምጣ ወይ?» አለችኝ። ምን እንድላት እንደፈለገች ከድምፅዋ ታወቀኝ፤ ምን እንድላት እንደማትፈልግም።

«አንድ ሳምንት ጨምሪ» አልኳት።

«አይከብድሽም? ትችያለሽ?»

አባቴ ከበረንዳው ተነሥተው ወደ በሩ እየሄዱ ነበር። «እችላለሁ» አልኳትና ስልኩን ዘግቼ ተከተልኳቸው።